ከጎጀብ እስከ ጄኔቫ

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ መንገደኛ የጎጀብን ወንዝ ይሻገራል። እኛ የከፋ ልጆችም ለትምህርት ስንመላለስ ብዙ ጊዜ ተሻግረነዋል፤ ዳሩ ግን ወንዙን ከጦር መሣሪያ ቅነሳ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዳለ አስበን አናውቅም ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሳሉ በጎጀብ ዳርቻ ተከበው በጠላት እጅ ወደቁ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በተከዜ በኩል ሠራዊታቸው ከአውሮፕላን በተጣለ የመርዝ ጋዝ ሲያልቅ በዓይናቸው አይተዋል። መርዙ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው፤ ገላን ያቆስላል፤ ዓይንን ያሳውራል፤ ሣሩንና ውሃውን ይበክላል። በባዶ እግሩ የዘመተ ወታደር ከዚህ የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረውም።

ታዲያ ይህን የሚከለክል ሕግ አልነበረምን? ነበረ። ሰኔ 10 ቀን 1917 ዓ.ም. በጄኔቫ የተፈረመው ፕሮቶኮል በጦርነት በመርዝ ጋዝ መጠቀምን ከልክሏል፤ ኢጣሊያም በ1920 ዓ.ም. አጽድቃው ነበር። ነገር ግን ውሉ መጠቀምን እንጂ መሥራትንና ማከማቸትን አልከለከለም፤ የሚቆጣጠር መርማሪም አላቆመም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ስለ መርዙ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፤ ማኅበሩ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ።

ራስ እምሩ በኢጣሊያ ከስድስት ዓመት በላይ ታስረው ከተፈቱ በኋላ በዋሽንግተንና በኒው ዴልሂ አገራቸውን በአምባሳደርነት አገልግለዋል። ኢትዮጵያም አቤቱታዋን አልተወችም። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ በኢትዮጵያ ግንባር ቀደምነት የቀረበው ውሳኔ በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ውሳኔው የ1917ቱን ፕሮቶኮል አስታውሶ፣ በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን ገለጸ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የ18ቱ መንግሥታት የጦር መሣሪያ ቅነሳ ኮሚቴ በጄኔቫ ሲከፈት፣ ኢትዮጵያ ከሁለቱም ወገን ካልሆኑት ስምንት አገሮች አንዷ ነበረች። ስምንቱ በሚያዝያ ወር በጋራ ያቀረቡት ሐሳብ የኑክሌር ሙከራን የሚከታተል ዓለም አቀፍ የሊቃውንት ኮሚሽን እንዲቋቋም የሚጠይቅ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው፣ በዚህ መስክ የተሰማራ ዲፕሎማት ሥራው በፊርማ የማያልቅ መሆኑን ነው። መጠቀምን ማስከልከል አንድ ነገር ነው፤ መሥራትንና ማከማቸትን ማስከልከል ሁለተኛ ነው፤ መርማሪ ማቆም ሦስተኛ ነው። የኬሚካል መሣሪያ ሦስቱንም ያገኘው ለፊርማ በቀረበው የ1985 ዓ.ም. ስምምነት ሲሆን፣ እርሱም ሥራ ላይ የዋለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከተከዜው እልቂት እስከዚያ ስድሳ አንድ ዓመት አልፏል። ስለ ኑክሌር መሣሪያ የተወሰነው የ1954ቱ ውሳኔ ግን ኃያላኑን በሕግ የሚያስገድድ አይደለም፤ የቀረው ሥራ ይህ ነው።