የተጎዳ ወጣት ስፖርተኛ ልምምድ ሜዳ ይገኝ ወይስ ቤቱ ይዋል?

ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ፣ ጓደኞቹ ሲለማመዱ የት መዋል አለበት? አሠልጣኙ «ሲሻልህ ተመለስ» ይለዋል። እናቱ «አርፈህ ተቀመጥ» ትለዋለች። እርሱ ግን «ምንም አልሆንኩም» እያለ ጫማውን ያስራል። ሦስቱም በከፊል ትክክል ናቸው፤ ሆኖም ሦስቱም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ይቆጥራሉ። አንደኛው በልምምድ ሜዳ መገኘት ነው። ሁለተኛው በተጎዳው አካል ላይ ጫና ማሳረፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ለይቶ ማሳየት ነው። ጸሐፊው የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም ባለመሆኑ ጽሑፉ የሕክምና ምክርን አይተካም። ነገር ግን ጉዳት በመጨረሻ የኃይል፣ የድግግሞሽና የጊዜ ጉዳይ ስለሆነ ፊዚክስም የሚለው አለው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሯጭ፣ ሁለት ጉዳቶች

ለጉዳዩ ከአበበ ቢቂላ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ1964 የቶኪዮ ማራቶን ሊካሄድ አምስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይሁን እንጂ ጥቅምት 21 ቀን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸንፎ፣ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ከተማ የሆነው ግን ሌላ ነው። ውድድሩ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው የግራ እግሩ ታመመ፤ ሐኪሞችም ከጉልበት በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች በቀጭኑ ላይ ስብራት አገኙ። እስከ ውድድሩ ቀን በእግሩ እንዳይቆም ተመከረ። በዕለቱ ቢሰለፍም 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ። ውድድሩን የቡድን ጓደኛው ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ።

የአበበ ወኔ በሁለቱም ጊዜያት አንድ ነበር። ልዩነቱ ያለው በተጎዳው አካልና በተገኘው ጊዜ ላይ ነው። የሆድ ቁስል በአምስት ሳምንት ውስጥ ለመጠገን በቂ ጊዜ አገኘ፤ ከዚያም በላይ በእያንዳንዱ የሩጫ እርምጃ የሰውነትን ክብደት የሚሸከመው እርሱ አይደለም። የተሰበረ የእግር አጥንት ግን ለመግጠም ብዙውን ጊዜ ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አንድ ሳምንት ሊበቃው አይችልም። ስለዚህ «ይለማመድ ወይስ ይረፍ?» ከማለታችን በፊት «የተጎዳው ምኑ ነው? ስንት ጊዜስ ሆነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በአንድ እርምጃ ውስጥ ያለው ኃይል

መጠነ ቁሱ 50 ኪሎ ግራም የሆነ ወጣት እንውሰድ። ክብደቱ 490 ኒውተን ነው። ሲራመድ መሬት እግሩን ወደ ላይ የምትገፋበት ከፍተኛው ኃይል ከክብደቱ 1.1 እጥፍ ያህል ነው። ሲሮጥ ግን ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል። ለስሌታችን 2.5 እጥፍ ብንወስድ 1,225 ኒውተን እናገኛለን።

አሁን እግርን እንደ መፈንቅል እንመልከተው። መዞሪያ ነጥቡ ቁርጭምጭሚት ነው። በጣቶቻችን ሥር ተደግፈን መሬት ስንገፋ፣ የመሬቱ ግፊት ከቁርጭምጭሚት 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይርቃል። ባትን ከተረከዝ ጋር የሚያያይዘው ወፍራሙ የአኪለስ ጅማት ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ኋላ ይርቃል። መፈንቅሉ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ጅማቱ የመሬቱን ግፊት ሦስት እጥፍ መሳብ አለበት። በመሆኑም በሩጫ 3,675 ኒውተን ያህል ይሸከማል፤ ይህም ሦስት ኩንታል ከሰባ አምስት ኪሎ የማንጠልጠል ያህል ነው። በእርምጃ ደግሞ 1,620 ኒውተን ገደማ ይሆናል፤ ይኸውም ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ ነው።

ይህ ስሌት በአምበርና በመሰል ከተሞች ልዩ ትርጉም አለው። በምሥራቅ ጎጃም ብዙ ተማሪዎች ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ የሚመጡት በእግራቸው ነው። ከአምበር 5 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር አንድ ተማሪ ለደርሶ መልስ 10 ኪሎ ሜትር ይራመዳል እንበል። አንዱ እርምጃ 0.7 ሜትር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ እግሩ ከ7,000 ጊዜ በላይ ይረግጣል። አሠልጣኙ «ዛሬ ቁጭ ብለህ ተመልከት» ሲለው ልጁ ያረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን የታመመው ጅማቱ በመንገዱ ላይ ብቻ አንድ ኩንታል ተኩሉን ከ7,000 ጊዜ በላይ አንሥቷል። ስለዚህ ወደ ሜዳው የሚወስደው መንገድ ራሱ የልምምዱ አካል ሆኖ መቆጠር አለበት። የአጥንት ስብራት ያለበት ልጅ በተሽከርካሪ ወይም በሰው እርዳታ መምጣት ካልቻለ ባይመጣ ይሻላል።

በሌላ በኩል መፍራትም ልክ አለው። ብረትም ሆነ አጥንት በተደጋጋሚ ጫና ሲዝል፣ ጫናው በግማሽ ቢቀንስ የሚደርሰው ጉዳት በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ከዚያ እጅግ በበለጠ ይቀንሳል። ቀለል ያለ ወለምታ ያለበት ልጅ ሕመሙ በፈቀደለት መጠን አጭር መንገድ ቢራመድ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ብዙ ጊዜ ይጠቅመዋል።

ዕረፍትም ሲበዛ ይጎዳል

ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 ባሳተመው ሥራው አጥንት ራሱን የሚገነባው በሚያርፍበት ጫና መሠረት መሆኑን ገልጿል። የጠፈር ተጓዦች ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ናቸው፤ ክብደት በማይሰማበት ሁኔታ ሲኖሩ የዳሌ አጥንታቸው በየወሩ 1 በመቶና ከዚያ በላይ ይሳሳል። ጡንቻም እንዲሁ ነው። ለወራት ከአልጋ ሳይነሣ የከረመ ልጅ ቁስሉ ቢድንም እግሩ ቀጥኖና ደክሞ ይነሣል፤ በዚህ ሁኔታ በቀጥታ ወደ ጨዋታ ቢገባ እንደገና ለመጎዳት ይቀርባል።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በ1894 በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዱን እጅ ብቻ ማሠልጠን ያልሠለጠነውንም እጅ እንደሚያበረታ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የተሰበሰቡ ጥናቶች ላልሠለጠነው ወገን የሚተርፈው ብርታት በአማካይ ከ8 እስከ 12 በመቶ እንደሚደርስ ያመለክታሉ። ለውጡ በዋናነት የሚመጣው ከነርቭ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ቀኝ እግሩ በጀሶ የታሰረ ልጅ ግራ እግሩን፣ ሆዱንና ትከሻውን ቢያሠለጥን ለታሰረውም እግር ይሠራለታል።

የሚያድግ አጥንት

ወጣት ትንሽ አዋቂ አይደለም። በሚያድግ ልጅ ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ፣ ቁመት የሚጨምርበት ለስላሳ ክፍል አለ። ይህ ክፍል በዙሪያው ካሉት ጅማቶች የደከመ ነው። በአዋቂ ላይ ወለምታ ብቻ የሚያስከትል አወዳደቅ በልጅ ላይ ይህን ማደጊያ ሊሰብር ይችላል። ሳይታወቅ ከቀረም እግሩ ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል።

በአካባቢያችን የመጀመሪያው ጥሪ የሚደርሰው ለወጌሻ ነው። ወጌሻ በማኅበረሰቡ ዘንድ የተከበረ ሙያ ነው፤ ነገር ግን የማደጊያውን ስብራት በእጅ ዳሰሳ መለየት አይቻልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስብራትን በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውርን አቋርጦ እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። የካናዳ ሐኪሞች በ1992 ያወጡት ቀላል መለኪያ እዚህ ላይ ይረዳናል። ልጁ በተጎዳው እግሩ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያሉት የአጥንት ጉብታዎች ከኋላ ጠርዛቸው ወይም ከጫፋቸው ሲነኩ ካመሙት፣ መታሸቱ ቀርቶ ራጅ ይነሣ። ከአምበር ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መድረስ ከባድ ጉዞ አይደለም።

ከቡድን መለየት የሚያስከትለው

የተጎዳ ልጅ ከሜዳ ሲባረር ጉዳቱ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ የቀሩትም ትምህርት ይወስዳሉ። ትምህርቱም «ሕመምህን ከተናገርህ ቦታህን ታጣለህ» የሚል ነው። ለብዙ የገጠር ወጣት ሩጫ ወይም ኳስ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ክለብ የመግባትና ቤተሰብን የመርዳት ተስፋ ነው። ይህ ተስፋ ያለው ልጅ የቅልጥሙን ሕመም ይደብቃል። በድግግሞሽ የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ደግሞ በጊዜ ከተነገረ በጥቂት ሳምንታት ዕረፍት የሚድን፣ ከተደበቀ ግን ሙሉ ስብራት ሊሆን የሚችል ጉዳት ነው። የተጎዱት ሥራና ክብር ይዘው በሜዳው ሲታዩ ግን ሌላው ሕመሙን ለመናገር አይፈራም። በእኔ አስተያየት ተጎጂው ልምምድ ሜዳ ይገኝ የምንልበት ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ይህ ነው።

መቅረት የሚገባው መቼ ነው?

ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት፣ ያስመለሰው ወይም የሆነውን የማያስታውስ ልጅ በዕለቱ ወደ ጨዋታ መመለስ የለበትም፤ ሐኪምም ሊያየው ይገባል። በ2022 አምስተርዳም የተሰበሰቡ የዘርፉ ባለሙያዎች፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ቀለል ባለ እንቅስቃሴ ማረፍን፣ ከዚያም በስድስት ደረጃዎች፣ እያንዳንዱ ቢያንስ 24 ሰዓት እየወሰደ፣ ወደ ስፖርት መመለስን ይመክራሉ። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ለሜቻ ግርማ በ3,000 ሜትር መሰናክል ወድቆ ጭንቅላቱን ሲመታ በቃሬዛ መወሰዱን ብዙዎቻችን አይተናል፤ የመንደር ሜዳም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም። እንዲሁም ትኩሳት ያለው፣ አዲስ ስብራት የደረሰበት፣ ወይም መንገዱ ራሱ ጉዳቱን የሚያባብስበት ልጅ ቤቱ ይቆይ።

በሜዳው ምን ይሥራ?

ተቀምጦ መቆዘም ጥቅም የለውም። ሰዓት ይያዝ፤ የእያንዳንዱን ዙር ጊዜ ይመዝግብ፤ የቡድኑን አሰላለፍ ከውጭ ሆኖ ያጥና። ጤነኛ አካሉን ያሠልጥን። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ትልቁ አደጋ «ትንሽ ልሞክር» የሚለው ፈተና ነው። ስለዚህ የሚፈቀድለትና የሚከለከልበት አስቀድሞ በአሠልጣኙ ደብተር ይጻፍ። መለኪያውም የማግስቱ ጠዋት ይሁን፤ የተጎዳው ቦታ ከትናንቱ የበለጠ ካመመ ወይም ካበጠ የተሰጠው መጠን በዝቷልና ይቀነስ። ሕመሙ በአጥንት ላይ በአንድ ነጥብ የተወሰነ ከሆነ ግን መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ መሮጡ ይቁም፣ ሐኪምም ይየው።

በአጠቃላይ፣ የተጎዳ ወጣት ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከቡድኑ መለየት የለበትም፤ የተጎዳው አካሉ ግን ከጫናው ይለይ። አሠልጣኞች የተሰላፊዎችን ስም በሚጽፉበት ገጽ ላይ ለተጎዱትም አንድ መስመር ቢተዉና የዕለቱን ሥራቸውን ቢያሰፍሩ፣ ያለ ምንም ወጪ ብዙ እግሮችን ከስብራት ማዳን ይችላሉ።