ለሐኑካ በባቡር ወደ ቢንያሚና፦ አረፋማ ወይን ጠጅ ከመቅመስ በፊት

ሐኑካ ሲቃረብ ወደ ክሊኒክ የሚመጡ እናቶችና አባቶች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያነሡልናል። ልጆቻቸው ለበዓሉ ወደ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ሊወስዷቸው ይፈልጋሉ፤ እነሱ ደግሞ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። መቅመስ ይችላሉ ወይ? የእኛ የነርሶች መልስ ለሁሉም አንድ አይደለም። ቀኑ ለወጣቶቹ ሳይሆን በቤተሰቡ ውስጥ ብዙ መድኃኒት ለሚወስደው ሰው ተመጥኖ ከታቀደ ግን ሁሉም አብሮ ሄዶ በሰላም ይመለሳል።

በባቡር ለሚሄድ ሰው የሚመቸው ቢንያሚና ነው። ከተማዋ በ1922 ተመሥርታ በባሮን ኤድመንድ ቢንያሚን ዴ ሮትሺልድ ስም ተጠራች። የባቡር ጣቢያ አላት፤ በከተማዋም ውስጥ ጎብኚ የሚቀበል የወይን ጠጅ ፋብሪካ አለ። ከኔታንያና ከሐዴራ ለሚነሣ ቅርብ ነው። ከደቡብ የሚመጡ ግን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አረጋውያንን እንደሚያደክም ያስቡበት። ከበላይዋ ኮረብታው ላይ ያለችው ዚክሮን ያዕቆብ በ1882 የተመሠረተች ናት፤ ባሮኑ ትልቁን የወይን ጠጅ ጓዳ ያሠራው እዚያ ነው። ባቡር ስለማይደርስባት ከቢንያሚና በአውቶቡስ ወይም በታክሲ መውጣት ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል ባሮኑና ባለቤቱ የተቀበሩበት የራማት ሃናዲቭ የአትክልት ቦታ አለ። ለማይጠጣ ሰው ከፋብሪካው ይልቅ እሱ ይሻላል እንላለን።

ባቡር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቆሞ ቅዳሜ ማታ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለውን ቀን ይምረጡ። በሐኑካ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ባቡሩ በልጆች ይሞላል። ረፋድ ላይ መነሣት መቀመጫ ያስገኛል። የሐዲድ ሥራ ካለ የጉዞ ሰዓት ስለሚቀየር ከአንድ ቀን በፊት ያረጋግጡ። የአረጋውያን ቅናሽ የሚሠራው በስምዎ በወጣና መብቱ በተጫነበት ራቭ ካቭ ላይ ነው፤ ስም የሌለው ካርድ ሙሉ ዋጋ ይቆርጣል። ቴዑዳት ዜሁትዎን ይዘው ወደ አገልግሎት ጣቢያ አስቀድመው ይሂዱ። በጉዞው ዕለት ጠዋት ተራ መጠበቅ አያዋጣም።

ወደ ፋብሪካው ሳይደውሉ አይሂዱ። አረፋማ ወይን ጠጅ፣ በዕብራይስጥ ያይን ሜቫቤዓ የሚባለው፣ ሁሉም ፋብሪካ የሚሠራው ወይም የሚያስቀምሰው አይደለም። ለምሳሌ በአገሩ ከታወቁት አንዱን የሚሠራው ፋብሪካ ካትሪን፣ ጎላን ውስጥ ነው፤ ወደዚያ ባቡር የለም። ስልክ ሲደውሉ በቅምሻው ውስጥ ሜቫቤዓ መኖሩን፣ ስንት ብርጭቆ እንደሚቀርብና የማይጠጣ ሰው መክፈል አለመክፈሉን ይጠይቁ። የካሽሩት ምስክር ወረቀቱንም ይጠይቁ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ደግሞ ወደ ጓዳው የሚወስድ ደረጃ መኖሩን ማወቅ ከዋጋው በላይ ይጠቅማል።

አረፋው ከየት ይመጣል? ጠጅ ጥለው የሚያውቁ እናቶች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። እርሾው ስኳሩን ሲበላ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። በጋን ጋዙ በኖ ይሄዳል። በሻምፓኝ ዘዴ ግን ተሠርቶ ያለቀ ወይን ጠጅ ላይ ጥቂት ስኳርና እርሾ ተጨምሮ ጠርሙሱ ይከደናል፤ ሁለተኛው ፍላት በዚያው ውስጥ ስለሚሆን ጋዙ መውጫ ያጣል። ርካሽ የሆኑት በትልቅ ታንከር ውስጥ ይፈላሉ፤ ጋዝ ብቻ የሚጨመርባቸውም አሉ። ሻምፓኝ የሚለው ስም የሚገባው በፈረንሳይ ሻምፓኝ አውራጃ ለተሠራው ብቻ ነው፤ እኛ አገር የተሠራውን ሜቫቤዓ ማለት ይበቃል።

ስኳር ያለባችሁ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ቃል አንብቡ፤ ሻጩን ብቻ አትመኑ። ብሩት የሚለው በሊትር ከ12 ግራም ያነሰ ስኳር ያለው ነው። ኤክስትራ ድራይ የሚለው ሲሰማ ደረቅ ይመስላል እንጂ ከብሩት ይልቅ ይጣፍጣል፤ ከ12 እስከ 17 ግራም አለው። ዴሚ ሴክ ከ32 እስከ 50 ግራም ይደርሳል። ብዙዎቻችን የምንወደው ሞስካቶ አልኮሉ 5 ወይም 6 በመቶ ገደማ ቢሆንም በጣም ጣፋጭ ነው፤ "ቀላል ነው" ተብሎ ለስኳር በሽተኛ የሚቀዳው እሱ መሆኑ ያሳስበናል።

ከጣፋጩ የበለጠ የምንፈራው ግን አልኮሉ ራሱ የሚያመጣውን የስኳር መውረድ ነው። ጉበት አልኮሉን ሲያጣራ ስኳር ወደ ደም መልቀቁን ይቀንሳል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ አማሪል ያለ ክኒን የሚውጥ ሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ሊወርድበት ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ሲታይ ሰው "ሰከሩ" ብሎ ይተዋቸዋል። እባካችሁ ልጆች፣ አትተዉአቸው፤ መጀመሪያ ስኳራቸውን ለኩ። ከወረደና መዋጥ ከቻሉ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ስጡ፤ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳታስገቡ 101 ደውሉ። ከጉዞው በፊት ምግብ ይብሉ፤ ሱፍጋኒያ ምሳ አይደለም። ማታ ከመተኛታቸው በፊት እንደገና ይለኩ።

የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት ክኒን የሚወስድ ሰው ጨርሶ አይቅመስ፤ ሁለቱ ተደምረው ትንፋሽን ያዳክማሉ። እርጉዝም እንዲሁ። ኩማዲን የሚወስዱ ከሐኪማቸው ሳይነጋገሩ አይጠጡ። የግፊት ክኒን የሚወስዱ ሲነሡ እንዳይዞርባቸው ቀስ ብለው ይነሡ። ለሌላው ሰው አራት ቅምሻ፣ እያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ 200 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህ ከአንድ ሙሉ ብርጭቆ በላይ ስለሆነ ሁሉንም መጨረስ ግዴታ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ባልዲ ለመትፋትና ለመድፋት ነው። ለእኛ ባህል መትፋት ነውር ቢመስልም እዚያ ማንም አይቀየምም።

አልኮል ቆዳን ያሞቃል፣ የሰውነትን ሙቀት ግን ያስወጣል። ስለዚህ በጣቢያው ላይ ሞቆኛል ብሎ ካፖርት ማውለቅ አያስፈልግም። በታኅሣሥ ፀሐይ 16፡30 አካባቢ ስለምትጠልቅ፣ ሻማውን በቤታችሁ በሰዓቱ ለማብራት የምትፈልጉ ከቀትር በኋላ ወዲያው ተመለሱ።

በባቡር መሄዱ ብቻ አያድንም፤ መኪናውን በራሱ ጣቢያ ያቆመ ሰው ማታ መንዳቱ አይቀርም። ሕጉ በአንድ ሊትር ትንፋሽ 240 ማይክሮ ግራም ይፈቅዳል። ከ24 ዓመት በታች ለሆኑ፣ ለአዲስ ነጂዎች፣ ለአውቶቡስና ለከባድ መኪና ሾፌሮች ግን 50 ብቻ ነው። መንጃ ፈቃዱ እንጀራው የሆነ ልጅ ካላችሁ ያን ቀን እሱ ጭማቂ ይጠጣ።

ጠርሙስ ገዝታችሁ የምትመለሱ ከሆነ በውስጡ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ከእጥፍ በላይ መሆኑን አስቡ፤ ቡሹ ዓይን ያጠፋል። ቤት ስትደርሱ በደንብ አቀዝቅዙት፣ አትነቅንቁት። ሽቦውን ስትፈቱ አውራ ጣታችሁ ቡሹ ላይ ይሁን። ጠርሙሱን አዘንብላችሁ፣ አፉን ከሰው አዙራችሁ፣ ቡሹን ይዛችሁ ጠርሙሱን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ልጆች በጠረጴዛው ዙሪያ ካሉ ኩሽና ገብቶ መክፈት ይሻላል።