የሁለት መድኃኒቶች ሚዛን በአንድ ክኒን ውስጥ

ሻሸመኔ የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳ፣ የባሌና የወላይታ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። በስምጥ ሸለቆው ቆላማ ቦታዎች ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይበረታል። ልጇ ያተኮሰባት እናት ከጤና ጣቢያ ቢጫውን ክኒን ስትቀበል፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው መጠን በእርግጥ በውስጡ መኖሩን በዓይኗ ልታውቅ አትችልም። እኛስ በቤተ ሙከራ እንዴት እናውቃለን?

የወባ ተውሳክ ፋንሲዳርን በመላመዱ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2004 ኮአርተም በሚል ስም የሚታወቀውን ጥምር መድኃኒት ተቀበለች። አንዱ ክኒን 20 ሚሊግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን ይይዛል። አርቴሜተር ተውሳኩን ፈጥኖ ይመታና በሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል፤ ሉሜፋንትሪን ለቀናት ቆይቶ የተረፈውን ያጸዳል። አርቴሜተር ቢጎድል ሉሜፋንትሪን ብቻውን ይቀራል፤ ተውሳኩም እርሱን የመላመድ ዕድል ያገኛል።

መጠኑ የሚለካው በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ነው። የተፈጨው ክኒን ይሟሟና በደቃቅ ሲሊካ በተሞላ ቱቦ ውስጥ በግፊት ይነዳል። ከገበያ ሲመለሱ በየሱቁ የሚቆም ሰው ዘግይቶ፣ የማይቆመው ቀድሞ ቤቱ እንደሚገባ ሁሉ፣ አርቴሜተር ቀድሞ፣ ሉሜፋንትሪን ዘግይቶ ይወጣል።

ችግሩ የሚመጣው በብርሃን ሲለኩ ነው። ሉሜፋንትሪን ብርሃንን አጥብቆ ይውጣል። መጠኑ ያነሰው አርቴሜተር ግን የሚታየው በ210 ናኖሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ በዚያ ደግሞ ሌሎች በርካታ ንጥረ ነገሮችም ይታያሉ። አንዱ ከአርቴሜተር ጋር አብሮ ቢወጣ፣ 16 ሚሊግራም የያዘው ክኒን 20 የያዘ መስሎ ሊነበብ ይችላል።

ስለዚህ ከክኒኑ በፊት ዘዴው ራሱ ይፈተናል። በመጀመሪያ መድኃኒት የሌለበት የክኒን ዱቄት ይለካል፤ በአርቴሜተር ቦታ ምንም መታየት የለበትም። ቀጥሎ ቢያንስ በ5 የተለያዩ መጠኖች ተለክቶ፣ ምልክቱ ከመጠኑ ጋር በቀጥተኛ መሥመር ማደጉ ይታያል። በሦስተኛ ደረጃ የታወቀ መጠን በዱቄቱ ላይ ተጨምሮ፣ በ3 መጠኖች 3 ጊዜ፣ በድምሩ 9 ጊዜ ይለካል፤ የተጨመረው ሁሉ ተመልሶ መገኘት አለበት። በመጨረሻም አንዱ ናሙና ደጋግሞ ሲለካ ውጤቱ መቀራረቡ፣ የሙቀት ወይም የአሲድነት ጥቂት ለውጥም እንደማያናጋው ይረጋገጣል።

ይህን ያለፈ ዘዴ ብቻ አርቴሜተሩ በሚፈቀደው ከ18 እስከ 22 ሚሊግራም ክልል ውስጥ መሆኑን ሊመሰክር ይችላል። ያልተፈተነ ዘዴም ቁጥር ይሰጠናል፤ ያ ቁጥር ግን ለእናቲቱ ዋስትና አይሆናትም።