ስም የባለቤቱ ነው

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ አንድ ቀን ከሁለት የፈረንሳይ ስሞች ጋር መገናኘቱ አይቀርም። አንደኛው ኤግዚስቴንሺያሊዝም በሚባለው ፍልስፍና የታወቀው ዣን ፖል ሳርትር ነው፤ ሁለተኛው ደራሲው አልቤር ካሙ። ፊደሉን ብቻ ተከትሎ ያነበበ ሰው ግን የመጀመሪያውን «ሳርትሬ»፣ ሁለተኛውን «ካሙስ» ብሎ ያልፋል። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ነገር ግን የሰው ስም እንዴት ይያዛል የሚለውን ጥያቄ ያስነሣልና ጥቂት እንነጋገርበት።

ፈረንሳዮች በስም መጨረሻ የሚጽፉትን ፊደል ሁሉ በአፋቸው አይናገሩትም። በካሙ መጨረሻ ያለው «ኤስ» ለዓይን እንጂ ለጆሮ አልተጻፈም፤ በሳርትር መጨረሻ ያለው «ኢ»ም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው በሳርትር ስም ላይ አንድ ቃል የላቸውም፤ አንዱ «ሳርትረ» ሲል፣ ሌላው መጨረሻውን ቈርጦ «ሳርት» ይላል። ከስሙ ቅጽል ሲያወጡ «ሳርትሪያን» ይላሉ፤ እኛ «ሳርትራዊ» ብንል ይበቃናል። የኛ ፊደል የሚጽፈው የተሰማውን ስለ ሆነ በዚህ ይረዳናል። እንግዲህ የውጭ ስም በአማርኛ ሲጽፉ የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ አይገልብጡ፤ የባለስሙ አገር ሰዎች እንዴት እንደሚጠሩት ጠይቀው ያንኑ ይጻፉ።

ሳርትር ራሱ ለስሙ ተጠንቃቂ ነበር። በ1964 በፈረንጅ አቆጣጠር የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አልቀበልም ሲል ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ በስሙ ብቻ መፈረምና የኖቤል ተሸላሚ ከሚል ማዕርግ ጋር መፈረም አንድ አይደለም የሚል ነበር።

አሁን ወደ ምዕራብ ሸዋ እንመለስ። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ቁቤ በሚባለው የላቲን አጻጻፍ በትምህርት ቤትም በመሥሪያ ቤትም ይጻፋል። በካሙ ስም «ክ» ሆና የምትነበበው «ሲ» የተባለችው ፊደል በቁቤ «ጭ» ናት፤ ጫላና ጫልቱ የሚሉት ስሞች በእርሷ ይጀምራሉ። ቁቤን የማያውቅ የእንግሊዝኛ አንባቢ ጫልቱን «ካልቱ» ቢላት፣ ያደረገው «ካሙስ» ያለው ተማሪ ያደረገውን ነው። ሌላው መዝጋቢ ደግሞ በእንግሊዝኛ ልማድ «ሲ»ንና «ኤች»ን አጣምሮ ይጽፋታል፤ ይህ ጥምር ግን በቁቤ «ች» ነው። አንዲት ልጅ በሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ሆነች ማለት ነው።

ነገሩ የጨዋታ አይደለም። የትምህርት ማስረጃውና ፓስፖርቱ ስሙን ልዩ ልዩ አድርገው የያዙበት ወጣት፣ እኔ እኔው ነኝ ለማለት ምስክር ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል፤ የምዝገባው ቀን ግን ቆሞ አይጠብቀውም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የሚያበላሸው ግን ቸኳይ ጸሐፊ ነው።

ሁለተኛው ችግር የአባት ስም ነው። ሳርትር የቤተ ሰብ ስም ስለ ሆነ አባትም ልጅም ይጠሩበታል። በኛ ዘንድ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ብቻ ነው። በአምቦ አጠገብ በቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደውን ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ያስቡ። «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለውን ተውኔቱን የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለ ሥራው የሚጽፉ የውጭ አገር ሰዎችም ብዙ ጊዜ «ገብረ መድኅን» ብቻ ይሉታል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲያይ የሚታሰቡት አባትየው ናቸው። ይባስ ብሎ ስሙን ከሁለት ከፍሎ «ሚስተር መድኅን» የሚል ቢነሣ፣ ገብረ መድኅን የመድኅን አገልጋይ ማለት ነውና አገልጋዩን ጌታ አደረገው። ስለዚህ በእንግሊዝኛም ቢሆን ስለ ኢትዮጵያዊ ሲጽፉ ሙሉ ስሙን፣ ወይም በአጭሩ የራሱን ስም ይጻፉ።

አምቦ ራሷ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በመንግሥት ወረቀት ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ሕዝቡ ግን አምቦ ማለቱን አልተወም፤ ዛሬም በወረቀትም በአፍም አምቦ ናት። የሚኖሩበት ሰዎች የሚጠሩት ስም ይጸናል።

በመዝገብ ፊት የሚቀመጡ ወጣት ሠራተኛ ከሆኑ እንግዲህ ሥራዎ ቀላል ነው። ባለጉዳዩን «ስምዎን እንዴት ይጠሩታል፤ በቀደመው ወረቀትዎስ እንዴት ተጽፏል?» ብለው ይጠይቁ፤ ጽፈው ሲጨርሱም ያሳዩት። ተማሪ ከሆኑ ደግሞ ስምዎ በላቲን ፊደል እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ዛሬውኑ ይወስኑና በየወረቀቱ ሁሉ ያንኑ ይጠብቁ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና፣ በሕይወት ሳለን በትክክል ይጻፍ።