ሲሸሽ የሚመሰገን ፈረሰኛ

በጎጃም ደጋ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ አገው ምድር መስኮች በተዘረጋው አገር፣ በዓለ ጥምቀት ደርሶ ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ከተመለሱ፣ ካህናቱም ወረባቸውን ፈጽመው ምእመናኑ ከአጥቢያው ቅጽር መበተን ከጀመሩ በኋላ፣ ሽማግሌው ከዘራውን፣ ጎልማሳው ዱላውን ይዞ ወደ ሰፊው ሜዳ የሚጣደፈው ጉግስ ሊያይ ነው። ጉግስ ፈረሰኞች በሁለት ጎራ ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ዘንግ እየወረወረ ሲያሳድድ ሌላው በጋሻ እየመከተ የሚሸሽበት፣ ጥቂት ቆይቶም አሳዳጁ ሸሺ፣ ሸሺውም አሳዳጅ የሚሆንበት የጦርነት አምሳያ ጨዋታ ነው። ለእንግዳ ሰው አቧራና ሁካታ ብቻ መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ተመልካች ግን በዚያ አቧራ ውስጥ ማን ምን እንደ ሠራ ለይቶ ይፈርዳል።

የሚወረወረው ዘንግ ብረት ያልገባበት ቀላል እንጨት ነው። ይሁን እንጂ በሽምጥ ከሚጋልብ ፈረስ ላይ የተለቀቀ እንጨት ዓይን ለማጥፋትም ጥርስ ለማርገፍም አያንስምና፣ ሸሺው ከጉማሬ ወይም ከጎሽ ቆዳ የተሠራ ክብ ጋሻ በግራ እጁ ያነግባል። በዚያው እጁ ልጓሙንም መያዝ አለበት። ዘንጉ የሚፈልገው ሰውየውን እንጂ ፈረሱን አይደለም፤ ፈረስ የመታ ተጫዋች ከባላጋራው ይልቅ በገዛ ወገኖቹ ፊት ያፍራል። ይህን ሕግ የጻፈው ጸሐፊ፣ ያጸደቀው ሸንጎ የለም፤ በትውፊት ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው፤ የሚያስከብረውም በሜዳው ዳር የቆመው ሕዝብ ነው።

እንደ እኔ ፍርድ የጉግስ ሙያ ያለው በአሳዳጁ ዘንድ ሳይሆን በሸሺው ዘንድ ነው። አሳዳጁ ዒላማው በፊቱ ነው፤ ዘንጉም በእጁ ነው፤ ጊዜውንም መራጭ እርሱ ነው። ሸሺው ግን ፈረሱን ወደ ፊት እየነዳ ዓይኑን ወደ ኋላ መላክ፣ የአሳዳጁ ክንድ ከመዘርጋቱ በፊት አሳቡን ከትከሻው ማንበብ፣ ጋሻ የሌለበት ቀኝ ጎኑ ሲፈለግ በኮርቻው ላይ ተጠምዝዞ ጋሻውን ወደዚያ ማዞር፣ ያም ካልደረሰ ከፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ ወይም ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ዘንጉን በላዩ ማሳለፍ ይገባዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ፈረሱ ሩጫውን መቀነስ፣ መስመሩንም መሳት የለበትም። በዋሸራ ወይም በጎንጅ ጉባኤ ቤት መምህሩ በድንገት ላቀረቡለት ጥያቄ ቅኔውን በቁሙ እንደሚያፈልቅ ደቀ መዝሙር፣ ሸሺውም አስቀድሞ ያዘጋጀው መልስ የለውም። ስለዚህ በሜዳው ዳር እልልታ የሚቀልጠው ዘንጉ በተመታው ሰው ጀርባ ላይ ሲያርፍ ብቻ አይደለም፤ ጋሻው ላይ ጓ ብሎ ሲመለስ ከዚያ የበለጠ እልልታ ይሰማል።

ፈረሱም የዚህ ሙያ እኩል ባለቤት ነው። ዳማም ይሁን ጉራቻ፣ ቡላም ይሁን አምባላይ፣ ባለቤቱ ለዓመት በዓሉ በገብስ አጠንክሮ፣ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ፣ ከደንገላሳ ወደ ሽምጥ እንዲሻገር፣ በጉልበት ንክኪ ብቻም እንዲታጠፍ አስለምዶ ያመጣዋል። ስለ ኮርቻውና ስለ ግላሱ ጌጥ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ጌጡ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይማርክ እንደ ሆነ እንጂ ዘንግ አያስመልጥም።

ጨዋታው ከጦር ሜዳ የተወለደ ለመሆኑ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። መንቆረር ትባል በነበረችው ከተማ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ስሟን ደብረ ማርቆስ ያሰኙት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በስመ ፈረሳቸው አባ ጠና፣ በ1874 ዓ.ም. በእንባቦ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ፣ ከአባ ዳኘው፣ ጋር ሲዋጉ ቆስለው የተማረኩበት ውጊያ ከምንም በላይ በፈረሰኛ የተፈታ ነበር፤ ለሸዋ ድሉን ያመጣላት የራስ ጎበና፣ የአባ ጥጉ፣ ፈረሰኛ ጦር ነው። አባ ጠናና አባ ዳኘው ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ግን በዐድዋ በአንድ ወገን ተሰልፈዋል። መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም መጠራታቸው በሰላም ጊዜ በጉግስ ሜዳም አልቀረም፤ ፎካሪው ፈረሰኛ ከተጸውዖ ስሙ ይልቅ በፈረሱ ስም ሲያቅራራ ደረቱ ይነፋል።

ተመሳሳይ ሥርዓት ያላቸው ሕዝቦች ሌላም ስፍራ አሉ። በኤርዙሩም ደጋ ያሉ ቱርኮች ጂሪት በሚሉት ጨዋታ እንዲሁ በፈረስ እየተሳደዱ ዘንግ ይወራወራሉ። በሩቅ ምሥራቅ ጃፓን ደግሞ ፍልሚያን ለሕዝብ የማሳየቱ ነገር፣ ያለ ፈረስም ቢሆን፣ ሌላ መልክ ይዟል፤ በዚያ ወጣቶቻችን በቴሌቪዥን የሚያውቁት ሬስሊንግ ትልቅ ንግድ ነውና፣ ተቀናቃኝ ኩባንያዎች ታጋዮቻቸውን አሰልፈው ይገጥማሉ። በ1988 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ ኒው ጃፓንና ዩ ደብሊው ኤፍ ኢንተርናሽናል የተባሉት ሁለቱ ባላንጣ ድርጅቶች በቶኪዮ ዶም ሲገናኙ 67 ሺህ ያህል ተመልካች ገብቶ ነበር ተብሏል፤ ግጥሚያው ሁለት ለሁለት ሆነው በሚገቡ ወጣት ታጋዮች ተከፍቶ፣ ሙቶና ታካዳ በተባሉት አውራዎች ተደመደመ፤ ሙቶም አሸነፈ።  ታዲያ በዚያ ሙያ አሸናፊው አስቀድሞ የሚወሰን ሲሆን፣ የታጋዩ ብልሃት የተወሰነውን ነገር እውነት ማስመሰሉ፣ ባላጋራውንም ሳይጎዳ የተጎዳ ማስመሰሉ ነው። በጉግስ ውጤቱ የተወሰነ አይደለም፤ የተወሰነው ልኩ ነው። ዘንጉ በእውነት ይወረወራል፤ የሚያርፍበት ስፍራ ግን በጨዋነት ታጥሯል። እኔ የጃፓኖቹን ጥበብ አልንቅም፤ በመላው ሕዝብ ፊት ያለ ስሕተት መውደቅ ቀላል ሙያ አይደለም። ነገር ግን የሚሸሸው ሰው የምር ሲሸሽ ማየት ሌላ ነው።

ይህ ባህል ያለ ጠባቂ እንዳይቀር ጉልህ ሥራ የሠራው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። መቀመጫው እንጅባራ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የአዊ ከተማ ናት። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ ወራሪው የጣሊያን ጦር ገና ከጎጃም ሳይወጣ ነው፤ ዓላማውም የዐድዋ አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን ማሰብ ሲሆን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን ባለውለታ አድርጎ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ያከብራል። ዛሬ አባላቱ ከ60 ሺህ እንደሚበልጡ ይነገራል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች፣ ከባንጃም ከአንከሻም ከሌላውም፣ በዚያ ቀን በአንድ ሜዳ ይሰበሰባሉ።

ማኅበሩን የዓመት በዓል ትርዒት አዘጋጅ ብቻ አድርጎ ማየት ግን ማሳነስ ነው። አባል ሲሞት ፈረሰኞቹ ለለቅሶው ተሰልፈው ይወጣሉ፤ በተዝካርና በሰርግ ይተጋገዛሉ፤ በአባላት መካከል ደም እስከ ማፍሰስ የሚያደርስ ጠብ ቢነሣ ሽማግሌዎቹ ይዳኛሉ። ለእኔ ጉግስን ከጉዳት የሚጠብቀው ይህ ነው፦ ዛሬ ዘንግ የሚወረውርብህ ሰው ነገ በቤተሰብህ ለቅሶ ላይ ፈረሱን ይዞ እንደሚቆም እያወቀ ነው የሚወረውረው፤ አንተም እያወቅህ ነው የምትሸሸው።

ይህን ቅርስ በዩኔስኮ መዝገብ ለማስገባት ጥረት ሲደረግ ቆይቷል፤ መልካም ነው። ይሁንና ለመዝገቡ የሚሰበሰበው ጽሑፍ ስለ ሰልፉ ብዛትና ስለ ልብሱ ቀለም ከሚያትተው እኩል፣ ጋሻ እንዴት እንደሚያዝ፣ በስንተኛው ዕድሜ ወጣቱ ዘንግ መመከት እንደሚጀምር፣ አስነዋሪ ውርወራ የትኛው እንደ ሆነ ከአዛውንት ፈረሰኞች ቃል ለቃል ቢጻፍ እመርጣለሁ፤ ልብሱን ማንም ልብስ ሰፊ መልሶ ይሠራዋል፤ መመከቱን ግን የሚያስተምሩት በሕይወት ያሉት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።