ሃምሳ ሺህ ሄክታር ስንት ነው?

ጣና ዳር ዘጌ ላይ፣ ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ ሁለተኛውን ቡና እየጠጣን ሳለ ቡናውን የሚያፈሉልን እማማ ስልካቸው ጮኸ። አዲስ አበባ የሚኖር የእህታቸው ልጅ ነው፤ ዜና ሰምቶ ደንግጧል። «እትዬ፣ ጣናን እምቦጭ ጨረሰው አሉ፤ እናንተስ እንዴት ናችሁ?» ይላል። እማማ ከጀበናው ቀና ብለው በቡናው ዛፍ መሐል ወደሚታየው ሐይቅ አዩ። «እኔ ፊት ያለው ውኃ ነው ልጄ። የማዶውን እንጃ» አሉት።

ይህን መልስ ወደድኩት። ያዩትን ተናገሩ፣ ያላዩትን ተዉት። ዜና ላይ የምንሰማቸው አስደንጋጭ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የሚበላሹት እዚች ቦታ ላይ ነው፤ አንድ ዳርቻ ላይ የታየው ነገር የሐይቁ ሁሉ ይሆናል።

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአማዞን አካባቢ የመጣ አረም ነው። በአገራችን ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ በየዜናው ሄክታር ሲጠራ ኖረ። መጀመሪያ ሃያ ሺህ፣ ቆይቶ ሃምሳ ሺህ ተባለ። ሃምሳ ሺህ ሄክታር ሲባል ልብ ይደነግጣል እንጂ ምን ያህል እንደሆነ ለማሰብ የሚቆም ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የቡናው ዕጣን ሳይጠፋ ከእማማ ጋር ወረቀት አውጥተን አሰላነው።

በጎጃም መሬት የሚነገረው በቃዳ ነው፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ይሆናል። ሃምሳ ሺህ ሄክታር እንግዲህ ሁለት መቶ ሺህ ቃዳ ነው። ጣና በጠቅላላው ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ሦስት መቶ ሺህ ሄክታር ያህል ስፋት አለው። ስለዚህ ሃምሳ ሺህ ማለት የሐይቁ አንድ ስድስተኛ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ሌላም ቁጥር ይነገር ነበር፤ ከሐይቁ ዳርቻ ሲሶው፣ 128 ኪሎ ሜትር ያህሉ በእምቦጭ ተይዟል የሚል። ሁለቱን ቁጥሮች እስቲ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በ128 ኪሎ ሜትር ዳርቻ ላይ ሃምሳ ሺህ ሄክታር እንዲሞላ አረሙ ከዳር ወደ ውስጥ አራት ኪሎ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ለዚያ ሁሉ ርቀት፣ ያለ ምንም ክፍተት! ስፋቱ መቶ ሜትር ቢሆን ግን የሚሸፍነው 1,280 ሄክታር ብቻ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድን ነገር እየለኩ ሊሆን አይችልም። ምናልባት አንዱ አረሙ ውኃውን የሸፈነበትን፣ ሌላው አረም እዚህም እዚያም የታየበትን አካባቢ በሙሉ ቆጥሯል። «የተሸፈነ» እና «የተገኘበት» የሚባሉት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በዜናው ግን ሁለቱም «የተወረረ» ተብለው ያልፋሉ። «የዳርቻው ሲሶ» የተባለውም ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ «ዳርቻ» የምትለዋ ቃል ትወድቅና «የጣና ሲሶ» ሆኖ ያርፋል። እኔ ራሴ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼዋለሁ።

እማማ በዚህ ጊዜ የራሳቸውን ነገር አመጡ። የዘጌ ሰው ቡናው ነው ኑሮው፤ በሬ ጠምዶ ማረስ በዚህ ደብር ከጥንት ጀምሮ ክልክል ነው። «ቡና ገዥ ከጆንያው አፍ ዘግኖ አይሄድም» አሉኝ። «እጁን እስከ ክርኑ ይከታል። ከታች ያወጣል፣ ከመሐል ያወጣል፣ ጀንፈሉን በጥርሱ ሰብሮ ያያል። አፉ ያማረ ጆንያ ስንቱን አክስሯል መሰለህ።»

የጣና እምቦጭ የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከም፣ በፎገራ በኩል ነው። መገጭ፣ ርብና ጉማራ በክረምት አፈርና ማዳበሪያ ጠርገው የሚገቡት በዚያ ስለሆነ አረሙ ምግብ አያጣም። የቴሌቪዥን ካሜራም የሚቆመው እዚያው ነው። ካሜራው ወደ ውኃው ዝቅ ብሎ ሲቀርጽ አረንጓዴው እስከ አድማስ የደረሰ ይመስላል። ምስሉ ውሸት የለበትም፤ ግን የጆንያው አፍ ነው። ዘጌ ተቀምጦ፣ ጥርት ያለውን ውኃ እያየ «የምን እምቦጭ፣ ወሬ ነው» የሚልም ያንኑ ስሕተት ነው የሚሠራው። መረቡ በአረም ተጠልፎ ባዶ እጁን የሚመለሰውን የደንቢያ ዓሣ አጥማጅ አላየውም።

ሌላም በየዜናው የሚደጋገም አባባል አለ፤ «እምቦጭ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል» የሚል። ምግብና ሙቀት በተመቸው ቦታ እውነት ነው፤ የታወቀ የአረሙ ጠባይ ነው። ግን አስሉት። አንድ ሄክታር በየሁለት ሳምንቱ ያለማቋረጥ ቢታጠፍ በ36ኛው ሳምንት 262,144 ሄክታር ይደርሳል፤ በ38ኛው ጣናን አልፎ ይሄዳል። ዘጠኝ ወር አይሞላም። አረሙ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ሐይቁ ግን አለ። ነፋስ ይገፋዋል፣ ማዕበል ይሰባብረዋል፣ ውኃው ሲሸሽ ደረቅ ላይ ይቀራል፣ ሰውም ያጭደዋል። የእጥፍ ቁጥሩ አረሙ ቢመቸው ምን ማድረግ እንደሚችል ይነግረናል፤ ጣና ላይ ምን እንዳደረገ ግን ራሱን ችሎ መለካት አለበት።

ደግነቱ የለኩ አሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የሳተላይት ምስል ጥናት እምቦጩን በየወሩ ተከታትሎታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ አረሙ በአማካይ በቀን 14 ሄክታር ሰፋ፤ በኛ አነጋገር በየቀኑ 56 ቃዳ። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ደግሞ በቀን 6 ሄክታር ያህል እየቀነሰ ሄደ። እኔ ስለዚህ ነገር ካነበብኩት ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። የእምቦጭ ቁጥር ወር አለው። በኅዳር የተለካውና በግንቦት የተለካው ያው ሐይቅ፣ ያው አረም ሆኖ ቁጥሩ ሰማይና ምድር ይሆናል።

ይህን የያዘ ሰው የሚያስፈራውንም የሚያጽናናውንም ዜና በአንድ ዓይን ማየት ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ከተካሄደው ትልቅ ዘመቻ በኋላ ከ90 በመቶ በላይ ተወገደ ሲባል ሰምተናል። እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ አረም በእጁ የነቀለ ገበሬ ድካሙ ሊካድ አይገባም፤ እኔም አልክደውም። ግን የመጀመሪያው ልኬት አረሙ በሚበረታበት ወር፣ የመጨረሻው በጋ ላይ ከሆነ፣ ከመቀነሱ የተወሰነው የወቅቱ ሥራ ነው። ስንቱ የሰው እጅ፣ ስንቱ የውኃው መሸሽ እንደሆነ የሚታወቀው ኅዳርን ከኅዳር ሲያወዳድሩ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የግድ የሚዋሽ ሰው የለም። በጀት የሚጠይቅ ቢሮ ከፍተኛውን ወር ያቀርባል፤ ሥራውን ሪፖርት የሚያደርግ ቢሮ ዝቅተኛውን። አዘጋጁ ፊት ሦስት ቁጥር ቢቀርብለት ርዕስ የሚሆነው ትልቁ ነው። «እስከ ሃምሳ ሺህ ይገመታል» የተባለው «እስከ» እና «ይገመታል» ተቆርጠውበት ይወጣል። ሁሉም ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ሲቆነጥር እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሌላ ነገር ነው።

ድንጋጤው ጥቅም አልነበረውም አልልም። ዜናውን ሰምተው በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ ማሽን ገዝተው ልከዋል፤ ከየከተማው ወጣቱ አረም ሊነቅል ወጥቷል። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በየዓመቱ «ጣና ሊሞት ነው» ሲባል የሰማ ሰው፣ ሐይቁን በቦታው ሲያገኘው ጆሮውን ይደፍናል። ያን ጊዜ የደንቢያና የፎገራ ሰው እውነተኛ ጩኸት ሰሚ ያጣል። ደግሞም ፈርቶ የሚቀር እንግዳ አለ፤ ዘጌ ላይ ጀልባ የሚያንቀሳቅሰውና ቡና የሚሸጠው ያን እንግዳ ይጠብቃል።

ሦስተኛውን ቡና ስንጠጣ እማማ መልሰው ደወሉለት። «ልጄ፣ አረሙ አለ፤ ደንቢያ በኩል ክፉኛ አለ። እኛ ጋ ውኃው ንጹሕ ነው። ያ የሰማኸው ዜና የየትኛው ወር ልኬት እንደሆነ ጠይቅልኝ» አሉት። ልጁ አላወቀም፤ ዜናው አልነገረውም።

ዜናውን የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሄክታሩ ጎን ወሩን ጻፉልን። ከየትኛው ወረዳ እንደተለካና አረሙ የሸፈነውን ይሁን የታየበትን አካባቢ መሆኑንም ጨምሩበት። ሁለት መስመር አይፈጅም።