ከእግር ተነስቶ እስትንፋስ የሚያግድ በሽታ

ጊላን ባሬ ሲንድረም በ1916 እ.ኤ.አ. ጊላን፣ ባሬና ስትሮል የተባሉ ፈረንሳውያን የጦር ሐኪሞች በሁለት ወታደሮች ላይ አይተው የጻፉት የነርቭ በሽታ ነው። በደንብ ካልበሰለ ዶሮ የመጣ ተቅማጥ ወይም ጉንፋን መሰል ሕመም ካለፈ በኋላ፣ ተሕዋስያንን ሊወጋ የተሰለፈው የሰውነት መከላከያ በገዛ ነርቮቹ ላይ ይዞራል። እግር ይደነዝዛል፤ ጉልበት ይከዳል። ድካሙ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ የመተንፈሻ ጡንቻን ሊይዝ ይችላል።

ሁለት ሥራ የምንሠራ ስደተኞች “የሥራ ድካም ነው” ብለን የምንተኛው ይህን ጊዜ ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ፕላዝማ በመለወጥ ወይም ከለጋሾች ደም በተዘጋጀ አንቲቦዲ ቶሎ መታከም ማገገምን ያፋጥናል፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች በስድስት ወር ውስጥ ዳግም ይራመዳሉ።

ወገኖቻችን! ሁለቱም እግሮቻችሁ እየዛሉ ድካሙ ወደ ላይ ከወጣ፣ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።